ቅርንፉድ የሸተተ ለውዝ

ቀሚሱ ሲገዛ ሆን ተብሎ ሰፋና ረዘም ብሎ ነበር። ልጅ ዛሬ ታይታ ነገ ሌላ ናት፤ ልክ የሆነ ልብስ ብዙ ሳይቆይ ጉልበት ላይ ይቀራል። አያቷ ይህን አስባ ነው አበባ አበባ ያለበትን ቀሚስ ይዛላት የመጣችው። ጫፉ ወለሉን ይጠርግ ነበር። "ግድ የለም፣ ትደርስበታለች" አለች። ልጅቱም ለብሳው ስትሮጥ ትረግጠዋለች፣ ትወድቃለች፣ እየሳቀች ትነሳለች።

ከዚያ ወዲህ ዝናቡ አልፎ ፀሐይ ሆነ፤ ፀሐዩም አልፎ እንደገና ዘነበ። አበቦቹ ከእጥበት ብዛት ደበዘዙ። ብብቱ ሥር ተቀዶ ተሰፋ። ጫፉ ግን አሁንም ወለሉን ይጠርጋል።

ሚጢጢ ብላ የጠራቻት ራሷ አያቷ ነበረች። አራስ ቤት እያለ ሚጢጢ የማይባል ልጅ የለም፤ ሲያድግ ስሙ ይረሳል። በዚህችኛዋ ላይ ግን ተጣብቆ ቀረ። ከእሷ ጋር በአንድ ሰሞን የተወለደው የጎረቤት ልጅ የበሩን መቀርቀሪያ ራሱ ከፍቶ ውልቅ ይላል። ሚጢጢ መቀርቀሪያውን አንጋጣ ታየዋለች።

"ዘራችን ነው፣ እኔም አጭር ነኝ" ትላለች እናቷ፣ የአያትየዋ ልጅ። ልብስ ፋብሪካ ሰፊ ናት፤ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች።

"አንቺ በእሷ ዕድሜ የኔን ወገብ ይዘሽ ትጎትቺ ነበር" ትላለች አያት። የዚህ ጨዋታ መጨረሻ የት እንደሚያደርስ ስለሚያውቁ አንዳቸውም አይገፉበትም።

አያትየዋ የለውዝ ለቃሚ ናት። ከከተማው ጫፍ፣ የጭነት መኪናዎች በሚቆሙበት ሜዳ ዳር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም መጋዘን አለ። ገበሬዎቹ ለውዛቸውን እዚያ ያራግፋሉ፤ ማሽኑ ይፈለፍለዋል፤ ሴቶቹ ደግሞ በረጅም ጠረጴዛ ዳርና ዳር ተቀምጠው ይለቅሙታል። ደህናው ወደ ፊት ይገፋል። የተጨማደደው፣ የጠቆረው፣ የተሰበረው፣ አረንጓዴ አቧራ የያዘው ደግሞ ወደ ጭን ይሳባል፣ ከጭን ወደ ቅርጫት። ግርድ ይሉታል።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ እንደ እሷ ያለ አልነበረም። ሌሎቹ በዓይናቸው ይለቅማሉ፤ እሷ በአፍንጫዋ ጭምር። አንድ እፍኝ ታነሳለች፣ ወደ ፊቷ ታስጠጋለች፣ "ይሄ ማዳበሪያ ከታች እርጥበት አለው" ትላለች። ጆንያው ሲገለበጥ እንዳለችው ይሆናል። ስለዚህ አነፍናፊዋ አሏት። መጀመሪያ ለስድብ ነበር፤ በኋላ ማዕረግ ሆነ። ኃላፊው ራሱ ጭነት ሲገባ "አነፍናፊዋን ጥሯት" ይላል።

"ፖሊስ ቢያገኝሽ በሰንሰለት አስሮ አውሮፕላን ጣቢያ ያቆምሽ ነበር" ትላታለች ከጎኗ የምትቀመጠው ሳቂታዋ። ሳቂታዋ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዋ ናት፤ አንድ ዓይነት ቀልድ ለሺህ ጊዜ ብትሰማው ለሺህ ጊዜ ትስቃለች።

"አንቺን ደግሞ በሳቅሽ ሌባ ያስበረግጉብሽ ነበር።"

በዚያ ቤት የቆየ ደንብ አለ። ግርዱ የለቃሚዎቹ ነው። የሳምንቱ ሥራ ሲያልቅ ኃላፊው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሴቶቹ በየተራ ፌስታላቸውን ይዘረጋሉ፣ ግርዱ በጣሳ ይከፈላል። ማንም እንደ ነውር አያየውም። እንደ መብት ነው። ከገዛ እጃቸው የወጣ ነውና ቤታቸው ይዘውት ገብተው እንደገና ይለቅሙታል፤ ከመጥፎው ውስጥ የተሻለውን ያወጣሉ፣ ይቆሉታል፣ ይፈጩታል፣ ዳቦ ላይ ቀብተው ለልጅ ይሰጣሉ። አነፍናፊዋ ልጆቿን በዚያ አሳድጋለች። ባሏንም በዚያ አብልታለች። ቤቷ የሚሸት ለውዝ ገብቶ አያውቅም፤ ይህን አፏን ሞልታ ትናገረው ነበር።

ባሏ ሞቷል። ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ ቀጥኖ፣ የዓይኑ ነጭ እንደ በሰለ ሎሚ ቢጫ ሆኖ ነው የሞተው። ጉበት ነው አሉ። "ጠጪ ነበር?" ብለው ጠየቁ። ሰውየው የመጠጥ ሽታ እንኳ ያጥወለውለው ነበር። ይህ ነገር ሳይመለስ ቀረ፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ደግሞ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ይቀመጣል።

ሚጢጢን ቀን ቀን የሚጠብቃት ስለሌለ አያቷ ወደ መጋዘኑ ይዛት ትሄዳለች። ልጅቱ ግቢው በር ላይ፣ ከዘበኛው ጎጆ ፊት ለፊት ትውላለች። ዘበኛው ዶሮዎች ያረባል። ከማሽኑ ሥር የሚጠረገውን ስብርባሪ ለእነሱ ይበትናል፤ ሚጢጢም አብራቸው ቁጢጥ ብላ አንዱን ለዶሮ፣ አንዱን ለራሷ ታደርጋለች።

"እትዬ፣ ይቺን ልጅ ከዶሮዎቼ ጋር ልቆጥራት ነው" ይላል ዘበኛው። "እንቁላል ብቻ ነው የቀራት።"

"ጋሼ አንተም ጩኸት ብቻ ነው የቀረህ፣ አውራ ዶሮ ነህ" ትለዋለች፤ ይስቃሉ።

*

ተመራማሪዋ የመጣችው አዲሱ ምርት መግባት ሲጀምር ነው። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ጫማዋ አቧራ የለመደ ሴት። ከዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ነው የመጣችው ተባለ። ሁለት ጀሪካንና በጀርባ የሚታዘል መርጫ ይዛለች። ጀሪካኑ ሲከፈት መጋዘኑ በሙሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተ፤ ከሥሩ ደግሞ የጦስኝ ሽታ አለ።

ሴቶቹን ሰብስባ አስረዳቻቸው። ትዕቢት አልነበራትም። ለውዝ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ሻጋታ ራሱ ብቻ ሳይሆን የሚተፋው መርዝ እንዳለ ነገረቻቸው። መርዙ ጉበት ላይ ይቀመጣል፤ ሕፃን ላይ ደግሞ ዕድገትን ይይዛል። በቁልያ አይጠፋም። ይህ ከቅርንፉድና ከጦስኝ የተጨመቀ ውሃ ሻጋታውን ያዳክመዋል፣ ባይገድለው እንኳ መርዝ የሚሠራበትን እጁን ያስርበታል። ከማሳ የመጣው ለውዝ ግማሹ ይረጫል፣ ግማሹ ሳይረጭ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይለካል።

"ዶክተር፣ የባል ምላስ የሚያስር የለሽም?" አለች ሳቂታዋ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ፤ ተመራማሪዋም ሳቀች።

አነፍናፊዋ አልሳቀችም። "ይሄ መርዝ የምትይው ሽታው ምን ዓይነት ነው?"

"አይሸትም እማማ። ቀለምም የለው፣ ጣዕምም የለው። የሻጋታው ሽታ ሌላ ነው፣ መርዙ ሌላ።"

"የሚሸት ነገር ከሌለው በምን ይታወቃል?"

"በመሣሪያ ብቻ።"

ሴቶቹ ወደ አነፍናፊዋ ዞሩ። አንዷ "እንግዲህ ጡረታሽ ደረሰ" ብላ አሾፈች። እሷ እጇን ወደ ለውዙ መለሰች። ዕድገትን ይይዛል የሚለው ቃል ግን ከጆሮዋ አልወጣም።

ተመራማሪዋ ወጥታ ለውዙን ስትረጭ ተከትላት ወጣች። "መቼ ነው የሚረጨው?" አለቻት።

"ቶሎ። ከማሳ እንደ ገባ፣ ሻጋታው ሳይቀድመን።"

በግልጽ ነው የተነገራት፣ እሷም በግልጽ ሰምታዋለች። ግን ዕድሜዋን በሙሉ የኖረችው ዕቃ በሚጸዳበት ሥራ ላይ ነው። የቆሸሸ ይታሻል፣ የረጠበ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ነቀዝ የገባበት ይነፋል። ሁሉም ነገር ቶሎ ቢሠራ ይሻላል፤ ቢዘገይ ደግሞ ትንሽ በርትቶ መሥራት ነው። ሳይቀድመን የሚለውን የሰማችው በዚህ ጆሮዋ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሚጢጢን ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ሚዛን ላይ አቆሟት፣ ግድግዳ ላይ አስጠግተው ለኳት። ነርሷ ከንፈሯን መጠጠች። "ልጅቱ ክብደትም ቁመትም አልጨመረችም። ምን ትበላለች?"

እናትየዋ ነገረቻት።

"ለውዝ ጥሩ ነው፤ ገንቢ ነው። ጨምሩላት" አለች ነርሷ። ስለ ግርድ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ የነገራትም የለም። ለውዝ ለውዝ ነው።

አያት ከጤና ጣቢያው ስትመለስ ነገሩ በልቧ ተቆርጦ ነበር። ይጨመርላት ተብሏል፤ ይጨመርላታል። ግን ንጹሕ ሆኖ። መርዝ ካለበትም መድኃኒቱ አለ።

ኃላፊውን ጠየቀችው። መርጫው ሥር የተረፈውን ጭማቂ በአሮጌ ጠርሙስ ቀዳላት። "ቅጠል አይደል? ምን ይጎዳል" አለ። እሱም ክፉ ሰው አልነበረም።

ቤቷ፣ ከአልጋው እግር ሥር፣ ክዳን ያለው ቆርቆሮ አለ፤ ግርዱን የምታጠራቅመው እዚያ ነው። አውጥታ ፕላስቲክ ላይ ዘረጋችው። ከታች ያለው ትንሽ ሽታ ነበረው፤ ያንን የምድር ቤት የሚመስል፣ የተዘጋ ክፍል የሚመስል ሽታ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትጥለው ነበር። አሁን ግን በመጥረጊያ ጫፍ እየነከረች ረጨችው፣ በእጇ አሸችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ሲደርቅ እፍኝ አንስታ ወደ ፊቷ አስጠጋች።

ያ ሽታ የለም። ቅርንፉድ ብቻ ነው።

እንደገና አሸተተች። እውነትም የለም። ልቧ ከብዙ ጊዜ በኋላ ረጋ አለ። አንዱንም አልጣለችም፤ ሌላ ጊዜ የምትጥለውን እንኳ ቆልታ ፈጨችው። ጠርሙስ ሞላ።

"እቴቴ፣ ኬክ ኬክ ይሸታል" አለች ሚጢጢ ጣቷን እየላሰች።

"ብይ የኔ እናት። ብይና እደጊልኝ።"

በማግስቱ ለሳቂታዋ ነገረቻት። ሳቂታዋ ሦስት የልጅ ልጆች ታሳድጋለች። "እርግጠኛ ነሽ?" አለቻት።

"አሽትቼዋለሁ እኮ።"

በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አልነበረም። ሳቂታዋ ለሌላዋ ነገረች፤ ሌላዋ ለሌላዋ። የሚቀጥለው ሳምንት ግርድ ሲከፈል ከፌስታል ጋር ጠርሙስም ተዘረጋ።

*

መጀመሪያ የታመመችው ከዘበኛው ዶሮዎች ነጠብጣቧ ናት። አንገቷን በክንፏ ውስጥ ደብቃ ጥግ ቆመች። በማግስቱ ሌላዋ። አውራው ክንፉን እየጎተተ እንደ ሰከረ ሰው መንገድ ይስታል።

"ፈንግል ነው?" ብላ አያት ዘበኛውን ጠየቀችው።

"ፈንግልን አውቀዋለሁ። ፈንግል ይስላል፣ ያንኮራፋል። እነዚህ ዝም ብለው ነው የሚሄዱት።" አንዷን ከሞተች በኋላ ቀዷት ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ፣ ጉበቷን ብታይው። የሥጋ መልክ የለውም። ገርጥቶ፣ እንደ ጭቃ በእጄ ላይ ፈረሰ።"

አያት የጎጆውን በር ተመለከተች። ሚጢጢ እዚያው ቁጢጥ ብላለች። ዶሮዎቹ እየቀነሱ ሲሄዱ ስብርባሪውን ለራሷ አድርጋለች።

"ምን አብልተሃቸው ነው?" አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም።

"ያው የማሽኑን ሥር ነዋ። አዲስ ነገር ከየት ይመጣል?"

ልጅቱን ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። ቀለለቻት። ሁልጊዜም ቀላል ነበረች፤ የዚያን ዕለት ግን ቅለቷ አስፈራት። ዶሮ ዶሮ ነው፣ ሰው ሰው ነው አለች ለራሷ። ማታ ዳቦው ላይ ስትቀባ እጇ ትንሽ ዘገየ። ዘገየ እንጂ አልቆመም። ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተች፤ ቅርንፉድ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ ያልዋሻትን አፍንጫ እንዴት ብላ ትጠርጥረው?

ተመራማሪዋ የተመለሰችው ዝናቡ ሲያባራ ነው። ፊቷ ላይ ደስታም ሌላ ነገርም ነበረ። ሴቶቹን ሰበሰበች። ደስታውን አስቀደመች። ከማሳ እንደ ገባ የተረጨው ለውዝ ላይ የተገኘው መርዝ በጣም ጥቂት ነው፤ ሳይረጭ የተቀመጠው ላይ ግን ብዙ። ጭማቂው ሠርቷል። ሴቶቹ አጨበጨቡ።

"ሌላም አለ" አለች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። "ባለፈው ከየቦታው ናሙና ወስጄ ነበር። ከጠረጴዛው፣ ከማሽኑ ሥር፣ ከግርዱም። ግርዱ ላይ ያገኘነው መርዝ ከመብዛቱ የተነሣ መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ደግሜ አስለካሁት። እናንተ በደንብ ስለምትለቅሙ መጥፎው በሙሉ እዚያ ነው የሚሰበሰበው።" ዙሪያውን ቃኘች። "ግርዱ የት ነው የሚጣለው?"

ኃላፊው ቁልፎቹን ማየት ጀመረ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዷ ጭኗ ላይ የሌለ ለውዝ ትለቅማለች። ሁሉም ገብቷቸዋል። ከተናገሩ ድርሻው ይቀራል። ሳቂታዋ አነፍናፊዋን ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካ አደረገቻት፤ ዝም በይ ማለቷ ነው።

አያት ግን ሌላ ነገር ነበር የምታስበው። ቀስ ብላ ተነሳች።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ግርዱን ኋላ ላይ ቢረጩትስ? በዚያው ጭማቂ?"

"ኋላ ላይ ማለት?"

"ከሻገተ በኋላ። ታሽቶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ።"

ተመራማሪዋ መነጽሯን መልሳ አደረገች። "አይሆንም እማማ። ጭማቂው ሻጋታውን ነው የሚይዘው እንጂ መርዙን አይነካውም። አንዴ የወጣ መርዝ እዚያው ነው። እንዲያውም የደረቀውን መልሶ ማርጠብ ነው የሚሆነው። የሚጠፋው ሽታው ብቻ..." እዚህ ላይ ቃሏን አቋረጠች። የአሮጊቷን ፊት አየች። "ማነው እንደዚያ ያደረገው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን ጉዳይ?"

"ለመብል። ለሕፃን።"

ውጭ አንድ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ይጮሃል። ተመራማሪዋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"ምን እንደሚሠራ ነገርኳችሁ" አለች ቀስ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን። "ምን እንደማይሠራ መናገር ነበረብኝ።"

"ነግረሽኛል። ሳይቀድመን ብለሽኛል" አለች አያት። ከዚያ ፊቷን ወደ ጠረጴዛው መለሰች። "ሴቶች፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያለውን በሙሉ ድፉት። እኔ ነኝ ያሳሳትኳችሁ። አፍንጫዬ ነው።"

"አበደች" አለች አንዷ በሹክሹክታ። "ድርሻችንን በላችው።"

*

ሥራው ሳያልቅ ሚጢጢን አዝላ ወጣች። መንገዱ ዳገት የለውም፤ ለእሷ ግን የዚያን ዕለት ሁሉም ዳገት ነበር። ቤት ስትደርስ ልጇ ቀድማ ገብታለች፤ ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት በጊዜ ተለቀዋል። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ ተቆርጧል። ማንኪያው ጠርሙሱ ውስጥ ነው።

"ነይ የኔ ሚጢጢ፣ ዛሬ እኔ ላብላሽ" አለች እናትየዋ እጇን ዘርግታ።

አያት ጠርሙሱን ነጠቀቻት።

"እማዬ! ምን ሆንሽ?"

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳችው። ሥሩ ላይ ጥቂት ብቻ ቀርቷል። ማንኪያው የጠርሙሱን ግድግዳ ልጦ ልጦ ንጹሕ አድርጎታል።

"ማነው የጨረሰው?" አለች፤ መልሱን እያወቀች።

"እሷ ናት እንጂ ማን ይሆናል? አንቺ አይደለሽ ጨምሩላት ተብሏል ያልሽው?"

ያኔ ነገረቻት። ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ከዶሮዎቹም አላስቀረችም። ልጇ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ልጅቱን ጭኗ ላይ አደረገቻትና የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ ነጩን ተመለከተች። ሚጢጢ ጨዋታ መስሏት ሳቀች።

"አባዬም ያንን ነበር የሚበላው" አለች ልጇ ቀና ሳትል።

ጥግ ይዞ የተቀመጠው እንግዳ ተነስቶ መሐል ቤት ቆሞ ነበር።

አያት ቆርቆሮውን ጎትታ ወደ መጋዘኑ ሜዳ ወሰደችው። ዘበኛው ዶሮዎቹን በቀበረበት አጠገብ ጉድጓድ ቆፈረላት። ለውዙን ገልብጠው ናፍጣ አፈሰሱበትና ለኮሱት። ጭሱ ሲነሳ የግቢው ሰው ሁሉ ምን ጥሩ ነገር ሸተተ እያለ ወጣ። ቅርንፉድና የተቆላ ለውዝ። እሷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከዚያ ወደ ሳቂታዋ ቤት ሄደች። ሳቂታዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች እንጂ ግቢ አላለቻትም።

"ደፋሽው?"

"እደፋዋለሁ።"

"አሁን ድፊው፣ እያየሁሽ።"

"አንቺ እኮ አሽትተሽ ደህና ነው ብለሻል" አለች ሳቂታዋ። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። "አፍንጫሽ ዕድሜ ልክ ሳይሳሳት በአንድ ቀን ይሳሳታል? ያቺ ልጅ መነጽሯን አድርጋ ስላወራች? የኔዎቹ አልታመሙም። ተመልከቺያቸው፣ ይሮጣሉ።"

"የኔም ትሮጥ ነበር።"

"እንግዲህ የኔና ያንቺ ይለያያል።" በሩ ተዘጋ።

ከተዘጋው በር ሥር፣ በስንጥቁ በኩል፣ ሽታው ወጣ። ቅርንፉድ ነው፤ የልጅ ምግብ የሆነ፣ የሚያስጎመጅ። አያት አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች። ልጆቹ ውስጥ ሲሳሳቁ ይሰማል።

ከዚያም በኋላ በየቀኑ ሄዳለች። አንዳንድ ቀን ተመራማሪዋን ይዛ፣ አንዳንድ ቀን ብቻዋን። ሳቂታዋ በመጨረሻ ደፋችው። ወይ ደፋሁ አለች፤ የትኛው እንደሆነ ያወቀ የለም። መጋዘኑ ግርድ መክፈሉን አቆመ፤ አሁን ይቃጠላል። ለቃሚዎቹ ከአነፍናፊዋ ጋር አይጫወቱም። በጠረጴዛው ዳር ብቻዋን ተቀምጣ በዓይኗ ብቻ ትለቅማለች። ኃላፊው ጭነት ሲገባ አይጠራትም፤ ቢጠራትም አትሄድም። አዲሱ ለውዝ ከማሳ እንደ ገባ ይረጫል፤ ተመራማሪዋም እየመጣች ትለካለች፤ ሥራው ደህና ሆኗል። ለሚመጡት ልጆች ደህና ሆኗል።

ሆስፒታል ሚጢጢን ሆዷን ዳሰሷት፣ ደሟን ወሰዱ። ጉበቷ ትንሽ አብጧል አሉ። የበላችውን የሚያወጣ መድኃኒት የለም፤ ከእንግዲህ ሌላ ሌላ ምግብ ስጧት፣ ጠብቁ፣ ዓይኗን እዩ፣ ነጩ ከተለወጠ ወዲያው አምጧት። ልታድግ ትችላለች፤ ላታድግም ትችላለች።

እናም አያት ታያለች። ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ገልጣ ልጅቱን መስኮት ሥር ታስጠጋለች፣ የዓይኗን ቆብ ሳብ ታደርጋለች። ነጭ ነው። ወይስ የጠዋት ፀሐይ ነው ቢጫ ያስመሰለው? ታዞራታለች፤ ወደ ጥላው በኩል ታያታለች። ነጭ ነው። ለዛሬ ነጭ ነው።

ቀሚሱን ደግሞ በየሳምንቱ ታለብሳታለች። ሌላ ልብስ አላት፤ ያኛው ግን ሚዛኗ ነው። በሩ ላይ አቁማ ጫፉን ታያለች፣ ምንም አትናገርም። አለመናገሯን ልጅቱ ታውቀዋለች። ልጆች የማያዩ ይመስለናል እንጂ ያያሉ።

አንድ እሁድ እናትየዋ ከውስጥ ተጣራች፤ ድምፅዋ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ያልነበረ ነገር ነበረ። "እማዬ! ነይ እይ! ቀሚሱ አጠረ!"

አያት እጇን ሳታደርቅ ሮጠች። ሚጢጢ በሩ ላይ ቆማለች፣ እጆቿን ከጎኗ አጣብቃ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። እውነት ነው፤ ጫፉ ከወለሉ ተነስቷል። ከሥሩ ብርሃን ይታያል።

አያት ልትስማት ጎንበስ አለች። ጎንበስ ስትል የቀሚሱ ጫፍ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ትንሽ ትንሽ፣ እንደ ቅጠል። በእጇ ገለጥ አደረገችው።

ልጅቱ በእግሮቿ ጣቶች ጫፍ ላይ ነበር የቆመችው።

"እቴቴ፣ አደግኩ?" አለች፤ ትንፋሿን ይዛ።

አያት ቀና ብላ ልጇን አላየቻትም። "አዎ የኔ እናት" አለች። "አሁን ተረከዝሽን አሳርፊ፣ ይደክምሻል።"

ሚጢጢ ተረከዟን አሳረፈች። የቀሚሱ ጫፍ ወለሉን ነካ።